የርችት አደራ

ሥራዬ ድንኳንና ወንበር ማከራየት ነው። አምቦ ውስጥ ያገባ፣ የተመረቀ፣ ሐዘን የተቀመጠ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እኔ ወንበር ላይ ሳያርፍ አልቀረም። ሕዝብ ሲሰበሰብ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይሟገተኝ። ሰው ለብቻው ሲሆን ጨዋ ነው፤ «ይቅርታ እትዬ፣ ይቺ ወንበር ተይዛለች?» ብሎ ይጠይቃል። ሲበዛ ያችኑ ወንበር ረግጧት ያልፋል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከኋላው የሚገፋው ስላለ ነው። ያ ከኋላ ያለውንም ሌላ ይገፋዋል።

ርችት ሲባል ደግሞ ደሜ ይፈላል። «አንቺ ሴትዮ ደስታ አትወጂም» የሚሉኝ አሉ። እስቲ ልንገራችሁና ከዚያ ፍረዱ።

በእኛ ልጅነት የዘመን መለወጫ እሳት ማለት ችቦ ነበር። አባታችን ደጃፍ ላይ ያበራታል፤ እኛ እየጨፈርን እንዞራታለን፤ አመድ ስትሆን ወደ ቤት እንገባለን። እሳቱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የምንዞረው እኛ ነበርን። ኋላ እነዚያ በእጅ የሚያዙት ርችቶች መጡ፤ ሲለኮሱ ቀይ እሳትና ጭስ የሚተፉት። ወጣቱ ጃኬቱ ውስጥ እየሸጎጠ የዘፈን ድግስ ላይ ይዟቸው መግባት ጀመረ። ማማሩን ያምራል፤ መዋሸት አልወድም። መጀመሪያ ያየሁ ቀን እኔም ከሰው እኩል እልል ብያለሁ።

የታላቅ እህቴ ልጅ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ባሏ ቶሎ ስለሞተባት ያላት እሱ ብቻ ነው። ኪቦርዱን የተማረው ከጎረቤታችን ልጆች ነበር፤ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ የመዝሙር ልምምዱ እነሱ ሳሎን ይካሄድ ነበር። እህቴ የማርያም ማኅበርተኛ ናት፤ «ልጄን ሊወስዱብኝ ነው» ብላ ስንት ጊዜ አኮረፈች። ልጁ አድጎ ዘፈን መጫወት ሲጀምር ደግሞ ጎረቤቶቹ በተራቸው አኮረፉ። «እንግዲህ እኩል ከሰርን» አለቻቸውና ሳቁ፤ ታረቁ። ከዚያ ወዲህ የዚያ ልጅ ኪቦርድ የሰፈሩ ሰዓት ሆነ። ማታ ሲጀምር ሁሉም ራት ያቀርባል።

ያን ዓመት የእንቁጣጣሽ የሙዚቃ ድግስ ኳስ ሜዳው ላይ ተዘጋጀ። ከጊንጪ በሚኒባስ፣ ከጌዶ በአይሱዙ ተጭኖ፣ ከወንጪ በሞተር እየተፈናጠጠ የመጣው ወጣት ሜዳውን ሞላው። ድንኳኑም ወንበሩም የእኔ ነበር። ዘፋኙ ዜማውን ከፍ የሚያደርግበት ቦታ ላይ ሲደርስ ርችቶቹ ተለኮሱ። ከመሃል አንዱ እየነደደ ተወረወረና መድረኩ ላይ ልጃችን እግር ስር ወደቀ። ማን እንደወረወረው ያየ የለም።

ልጁ ቶሎ አነሳው። ወደፊት እንዳይወረውረው ሰው አለ። ወደኋላ እንዳይወረውረው ጄኔሬተሩና የናፍጣው በርሜል አለ። ስለዚህ በእጁ እንደያዘው፣ እየነደደ፣ በጎን ደረጃ ወርዶ ጭቃ ውስጥ ቀበረው። ያን ሁሉ መንገድ በቀኝ እጁ!

ሕዝቡ ግን ጭሱንና ጩኸቱን እንጂ ይህን አላየም። ሮጠ። በማዶ በኩል እኔው ራሴ ተሟግቼ ያስከፈትኩት ሰፊ መውጫ ነበር፤ ዞር ብሎ ያየው አንድ ሰው የለም። ሰው ሲደነግጥ ትዝ የሚለው የገባበት በር ብቻ ነው። ሁሉም ወደዚያ ጠባብ ዋና በር ተመመ። የሞተ የለም፣ ተመስገን። ግን ግፊያ የሚለውን ቃል በእኛ አገር እንደ ዋዛ የሚሰማ ሰው የለም፤ ያን ዕለት ማታ ልጁን ያልፈለገ ወላጅ፣ ስልክ ያልደወለ ዘመድ አልነበረም። በነጋታው ወንበሬን ልሰበስብ ስሄድ ያስለቀሰኝ የተሰበረው ወንበር አልነበረም። በሩ ላይ የቀረው ጫማ ነው፤ አንድ አንድ እግር የሴት ጫማ፣ ለበዓል የተገዛ።

የልጁ እጅ ዳነ፤ ሁለቱ ጣቶች ግን ቆዳቸው ተሸብሽቦ ቀረ። ሐኪሙ «አሠራቸው፣ ይፍታታሉ» ብሎት ነበር። እሱ ኪቦርዱን አልጋ ስር ከተተው። ከዚያ ደግሞ የክብሪት ድምፅ ሲሰማ ከቤት መውጣት ጀመረ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ ሻማ እንኳ ከበራ ደጅ ይቆማል። እህቴ ለእሱ ስትል የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛች። አምቦ ላይ በኤሌክትሪክ ምድጃ መኖር ማለት እንግዲህ መብራት ሲጠፋ አብሮ መጾም ነው። ጾሙ። ስንት ቀን እኔ ቤት አብስዬ በሰሃን ሸፍኜ ወስጄላቸዋለሁ።

«አንቺ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሰሃኑን እየተቀበለችኝ፣ «ለእጁስ ተጽናናሁ። ቤቴ ግን ጭር አለብኝ። ማታ ማታ ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

እህቴ የምታለቅስ ሴት አይደለችም። ያን ቀን አለቀሰች።

ዓመቱ ዞሮ ጳጉሜ ሲቃረብ የድግሱ ኮሚቴ ሊቀመንበር ድንኳን ሊከራዩኝ መጡ። «ኦቦ ሊቀመንበር፣ ያለፈው ዓመት ይበቃናል፣ ሌላ ፈልጉ» ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ሰውየው ትዕግሥተኛ ናቸው፤ ቁጭ ብለው ቁጣዬ እስኪወርድ ጠበቁኝ። ከዚያ እህቴ ቤት ድረስ አብረን ሄድንና ልጁን ለመኑት። የሙዚቃ ባንዱ ያለ እሱ አልሆነለትም፤ ሌላ ኪቦርዲስት ከአዲስ አበባ አስመጥተው ሳይግባቡ ቀርተዋል። ልጁ ጣቶቹን አጠፈ ዘረጋ። መጨረሻ ላይ «ርችት የማይገባ ከሆነ እጫወታለሁ» አለ። «አንድ እንኳ ቢበራ ግን እወርዳለሁ። ከወረድኩ ደግሞ ሁለተኛ አልወጣም። ኪቦርዱንም እሸጠዋለሁ።»

እህቴ ከጓዳ ሰማችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላትም፤ እኔንም እንቅልፍ ነሳችኝ።

ኮሚቴው ስብሰባ ሲጠራ ሳትጠራ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ የባህል ጽሕፈት ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ማን ደፍሮ ይውጡ ይበላት! ለጸጥታው የተመደበው ኢንስፔክተር ወጣት ነው፤ እዚሁ ያደገ፣ ሰው የሚያከብር ልጅ። ርችት መከልከሉን አስነግረናል፣ ማስታወቂያም ለጥፈናል ካለ በኋላ ጭንቀቱን ዘረገፈው።

«መከልከሉስ ቀላል ነው። በር ላይ የእያንዳንዱን ኪስ ካስፈተሽኩ ግን ሰልፉ አስፋልቱ ድረስ ይደርሳል። ከኋላ ያለው ሙዚቃው ሲጀምር ይገፋል። ግፊያውን ራሴ ሠራሁት ማለት ነው። ካልፈተሽኩ ደግሞ ይዘውት ይገባሉ። ምን ላድርግ?»

እህቴ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ሰርግ ቤት ዱላ እንደሚቀመጠው ለምን አይቀመጥም?» አለች።

በእኛ አገር ገጠር ሰርግ ወንዱ ዱላውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ያለ ዱላ ሲወጣ ራቁቱን የወጣ የሚመስለው አለ። ደጃፍ ላይ ግን አንዲት እናት ትቀመጣለች። አትፈትሽም፤ አትቆጣም። እንግዳው ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ዱላውን ይሰጣታል፤ ሲወጣ የራሱኑ ዱላ ትመልስለታለች። እናትን እምቢ ብሎ ዱላውን ይዞ የሚገባ ወንድ ገና አልተወለደም። እህቴ ደግሞ በዚህ ሥራ ስመ ጥር ናት፤ «የሰው ዱላ አምታትቼ አላውቅም» ብላ የምትኮራው በዚያ ነው።

ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና ኢንስፔክተሩን አዩት። እሱም አያቸው። «አዴ፣ ስንት እናት ታመጫለሽ?» አሏት፤ ወይዘሮ ማለታቸው ነው።

እድራችን ውስጥ ያለችው ሴት ሁሉ መጣች። የበዓሉ ዕለት ከረፋዱ ጀምሮ በየበሩ አግዳሚ ይዘው ተቀመጡ፤ የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጃንጥላ። እህቴ ዋናውን በር ያዘች። እኔም የድርሻዬን አልቦዘንኩም። ከዋናው በር አጠገብ ሁለት የአጥር ቆርቆሮ አስነቅዬ በሩን አሰፋሁት። ወንበሩን ስደረድር ከመድረኩ እስከ በሩ መሃል ለመሃል መንገድ ተውኩ። የድንኳኑ ገመድ ሰው እንዳይጥል በየገመዱ ነጭ ጨርቅ አሰርኩበት። ድግሱም ከቀትር በኋላ ጀምሮ ሳይመሽ እንዲያልቅ ተወስኗል። ልጆቼ «እማዬ ዛሬስ ሚኒስትር ሆንሽ» እያሉ አሾፉብኝ።

የበሩን ነገር ግን ማየት ነበር!

«ና ልጄ፣ እንኳን አደረሰህ» ትላለች እህቴ። «የያዝከውን ለእናትህ ስጣት።»

«ኧረ ምንም አልያዝኩም ሃርሜ።» እናቴ ማለቱ ነው፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም አንድ አፍ ውስጥ ነው የሚኖረው እኛ ጋ።

«በስተግራ ብብትህ ስር ያለውስ?»

ልጁ ያፍራል። ጓደኞቹ ይስቁበታል። ከጃኬቱ አውጥቶ በሁለት እጁ ይሰጣታል። አንዱ ካልሲው ውስጥ፣ አንዱ ጃንጥላ ውስጥ፣ አንዱማ ድፎ ዳቦ ፈልፍሎ ውስጡ ከቶ መጥቷል። «ዳቦውን ብላው፣ ይሄን ተወው» አለችው። ማንም አልተጋፋም፤ እናት ፊት እየተጋፋ የሚያልፍ የለም። ኢንስፔክተሩ ዳር ቆሞ አፉን ይዞ ያያል።

«ስወጣ ትመልሽልኛለሽ አይደል ሃርሜ?» ይላሉ ሁሉም።

«አደራ ነው ልጄ! ሰማይ ሩቅ፣ አደራ ጥብቅ!»

እንግዲህ ጣጣው ከዚህ ነው የተወለደው። ኢንስፔክተሩ ውሃ የሞላ በርሜል አስመጥቶ ነበር። «እማማ፣ የሰበሰብሽውን እዚህ ውስጥ እንንከረው» አላት።

«ከረጠበ በኋላ ምን ይሆናል?»

«አይሠራም።»

«ታዲያ የሰው አደራ አበላሽቼ ልመልስ?»

«ርችት እኮ ነው እማማ!»

«ዱላስ ዱላ አይደል? ሰው ይገድላል። ግን ለባለቤቱ ይመለሳል። እመልሳለሁ ብዬ ነው የተቀበልኩት። አደራ በላ ብለህ ልታስጠራኝ ነው?»

ሌሎቹ እናቶች ደገፏት። እኔም ደገፍኳት፤ ልክ ትመስል ነበር። ኢንስፔክተሩ ተረታ። «እንግዲያው ከሰው ይራቅ» ብሎ ተስማማ። ርችቱ ሁሉ በጆንያ ተከቶ ከበሩ ውጭ፣ ከቦዩ አጠገብ፣ እህቴ ከተቀመጠችበት አግዳሚ ጎን ተቀመጠ፤ ሌባ እንዳይነካው ዓይኗን ጥላበት። በርሜሉንም አላስመለሰም፤ እዚያው ተወው።

ከረፋድ ጀምሮ የተቀመጠ ሰው ይርበዋል። አንዷ ጎረቤታችን የከሰል ማንደጃና እሸት በቆሎ ይዛ መጣች። ዘመን መለወጫ ላይ እሸት በቆሎ ካልተጠበሰ ምኑን በዓል ሆነ! እህቴ ልጇ አጠገቧ ስለሌለ ዓመት ሙሉ የናፈቃትን ከሰል ፊቷ አስቀምጣ መጥበስ ያዘች። እኔ አንድ በላሁ። ሊቀመንበሩ አንድ በሉ። ኢንስፔክተሩ ራሱ በቆሎውን እየጋጠ «ጣፋጭ ነው» አለ። ከጆንያው እስከ ማንደጃው እጅ ብትዘረጋ ትደርሳለህ። የእኔ የነጋዴዋ፣ የሊቀመንበሩ፣ የፖሊሱ፣ የእናትየዋ ዓይን ሁሉ እያየ፣ አንዳችንም ልብ አላልን። ማታ ማታ ይህን አስቤ ብቻዬን የምስቅበትም የምንቀጠቀጥበትም ቀን አለ።

ባንዱ ወጣ። ልጃችን መጨረሻ ላይ መጣና ኪቦርዱ ኋላ ቆመ። እኔ በጎን ድንኳን ስር ነበርኩ። ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር አየው፤ እሳት ሲፈልግ እንደሆነ ገባኝ። የለም። ሰው ስልኩን ነው ያበራው። እጁን አወረደና ጀመረ። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ሁለቱ ጣቶች ያዝ ያዝ ይሉት ነበር፤ ከኔ በቀር የሰማ ያለ አይመስለኝም። ሁለተኛው ላይ ተፍታቱ። ሦስተኛው ላይ ያ የድሮው የሰፈራችን ሰዓት ተመለሰ። ሰው እየጨፈረ፣ እኔ ድንኳን እግር ተደግፌ እንደ ሕፃን ተነፋረቅኩ።

እህቴም ከበሩ ሰምታዋለች። ኋላ እንደነገረችኝ ልታየው ብድግ አለች። በቆሎውን ረሳችው። ከሰሉ እርጥብ ነበርና ተንጣጣ፤ አንዲት ፍም ዘላ ጆንያው ላይ ዐረፈች።

መጀመሪያ የሰማሁት ፉጨት ነው። ከዚያ ጧ! ጧ! ዞር ስል ከዋናው በር በላይ ቀይ ጭስ ወደ ሰማይ ይተማል። ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን አዞረ። የተቀመጠው መነሳት ጀመረ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ብዙ ወንበር ባንድ ጊዜ ከኋላ ሲገፋ የሚሰማውን። ዘፋኙ አቆመ። ኪቦርዱም አቆመ።

ልጁ ጭሱን ያያል። ጭሱ የሚወጣው እናቱን ትቶ ከመጣበት ቦታ ነው። እሱ ከፍ ብሎ ስለቆመ ከማንም በላይ ያያል፤ ከጭሱ በቀር ግን የሚታይ ነገር የለም። «በቃ» አልኩ በልቤ። «ወረደ። እሱ ሲወርድ ሰው ይሮጣል። አለቅን።»

ማይኩን ከዘፋኙ እጅ ተቀበለ።

«አይዟችሁ!» አለ፤ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። «እናቴ ናት! በቆሎ እየጠበሰች ነው! ትንሽ አበዛችው መሰለኝ። ሲደርስ ለሁላችሁም ይታደላል፤ ቁጭ በሉ!»

ሲገቡ ማንደጃውን ያላየ፣ ሽታው ያላወደው አልነበረም፤ ሽታውማ መድረኩ ጋም ይደርሳል። አንዱ ፈንድቶ ሳቀ። ከዚያ ረድፉ ሳቀ። ከዚያ ሜዳው በሙሉ ሳቀ። የሚስቅ ሰው አይሮጥም። ወንበሩ ተመልሶ ወደ ቦታው ሲንቋቋ ሰማሁት። ልጁ ማይኩን መለሰና ዘፈኑን ካቆመበት ያዘው። ሰው ልብ አላለውም እንጂ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ እጁ ይጫወታል፣ ዓይኑ ግን ከጭሱ አልተነቀለም።

እኔ በአጥሩ ጀርባ ዞሬ በሩጫ ወጣሁ። ስደርስ ጆንያው ቦዩ ውስጥ ይንጫጫል፤ ኢንስፔክተሩ ኮፍያው ወድቆ ከዚያ ካልተፈለገው በርሜል ውሃ እየቀዳ ይደፋበታል። እህቴ ጭቃ ላይ ተቀምጣለች። የነጠላዋ ጫፍ ተቃጥሏል፤ አንድ ቅንድቧ የለም። ጆንያውን በእግሯ ገፍታ ቦይ የከተተችው እሷ ናት፤ ጫማዋ እዚያው ነዷል።

«እትዬ! ተጎዳሽ? ተናገሪ እንጂ!»

«አደራው ተቃጠለ» አለችኝ። «የሰው ልጅ አደራ በላሁ።»

«ይቃጠል! ድብን ይበል! አንቺ ደህና ነሽ ወይ ነው የምልሽ!»

«ዝም በይ» አለች። «ይጫወታል። ልስማው።»

ዘፈኑ አለቀ። ዘፋኙ ብቻውን ሌላ ሲጀምር ልጁ ከመድረክ ወረደ። እየሮጠ አልመጣም። በተውኩት በመሃሉ መንገድ፣ ቀስ ብሎ፣ የጨበጠውን እየጨበጠ፣ «በቆሎው ደረሰ ወይ?» ላለው ሁሉ ፈገግ እያለ መጣ። በሩን አለፈ። የቆርቆሮው አጥር ከሰው ዓይን ሲሸፍነው ግን ወድቆ በአራት እግሩ እየዳኸ ነው እናቱ ጋ የደረሰው።

እሷ ደግሞ ጠባይዋ ነው፤ «ምነው፣ በሰው ፊት በቆሎ ጠባሽ አደረግከኝ?» አለችው።

«በሕይወት መኖርሽን አላውቅም ነበር እማዬ» አለ። እንዴት እንዳለቀሰ! «አላየሁሽም። ጭሱ ነው የታየኝ።»

«ታዲያ ሳታውቅ ነው የቀለድከው?»

«ብወርድ ሰው ይሮጣል። የሚሮጠው ደግሞ ወደዚህ በር ነው። አንቺ ያለሽበት።»

እህቴ ያችን የተሸበሸበች እጁን ይዛ ጉንጯ ላይ አስደገፈቻት። ኢንስፔክተሩ ባልዲውን እንደያዘ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድግሱ አለቀና ሰው መውጣት ጀመረ። እህቴን ወደ ቤት እንውሰድሽ ብንላት እምቢ አለች። «ባለ አደራዎቹ ሳላያቸው የት እሄዳለሁ?» በባዶ እግሯ፣ በአንድ ቅንድቧ በሩ ላይ ቆመች። ልጇ አጠገቧ ቆመ።

የመጀመሪያው ደረሰ፤ ያ ባለ ድፎው። «ልጄ፣ ይቅር በለኝ፣ ያንተን ነገር...»

«የምን ነገር ሃርሜ?» አለ። «እኔ ምንም አላስቀመጥኩም።»

ቀጣዩ መጣ። «እኔም ምንም አልሰጠሁሽም። መልካም አዲስ ዓመት።»

ቀጣዩም። ቀጣዩም። አንዱ ላንዱ ሹክ ብሎለት ይሁን እንጃ፣ ያ ሁሉ ካልሲ፣ ያ ሁሉ ብብት፣ አንዱም ምንም አላስቀመጠም። እህቴ ተናደደች። «ውሸታሞች! በዚህ በእጄ አይደል የተቀበልኳችሁ! አንተ፣ ባለ ካልሲው!» ባለ ካልሲው ግንባሯን ስሞ አለፈ። እኔ በሳቅና በልቅሶ መሃል ነበርኩ።

መጨረሻ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ ቀረ። ሁሉም እስኪያልፍ ዳር ቆሞ ሲጠብቅ አይቼዋለሁ። መጣና ቆመ። እህቴን ሳይሆን የእህቴን ልጅ እጅ ነው የሚያየው።

«እኔ አስቀምጫለሁ» አለ።

«ተቃጠለ ልጄ። ይቅር በለኝ» አለች እህቴ።

«እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው» አለ። «ዘንድሮ አይደለም። አምና መድረኩ ላይ...» ብሎ ወደዚያች እጅ አመለከተ።

ዓመት ሙሉ ይህን ሰው ባገኘው ምን እንደማደርገው ስዝት ኖሬያለሁ። አፌን ከፈትኩ። የእህቴ ልጅ ግን ቀደመኝ።

ማንደጃው፣ ጉድ እኮ ነው፣ ከዚያ ሁሉ ትርምስ ተርፎ እንደቆመ ነበር። ፍሙ ላይ አንድ በቆሎ ቀርታ ግማሽ ፊቷ ከስሏል። ዓመት ሙሉ ክብሪት ሲጫር ከቤት የሚወጣው ልጅ ጎንበስ ብሎ በዚያች በተቃጠለች እጁ በቆሎዋን ከፍሙ ላይ አነሳት። አመዷን እፍ አለላትና ዘረጋለት።

«ለሁላችሁም ይታደላል ብዬ ነበር» አለው። «አንድ ናት የተረፈችው። እንካ።»